መሣሪያ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአጎቴ ምንሽር የተሰረቀው ለተዝካር ወጣ ባሉበት ቀን ነው። ሲመለሱ የበሩ ሰንሰለት ተፈልቅቋል። ምሰሶው ላይ ያለው ችካል ባዶውን ቀርቷል። ለማንም አልተነፈሱም። «ብረቱን ተሰረቀ ከምባል ሞት ይሻለኛል» አሉ። ሦስት ሳምንት ዝም አሉ።

ከዚያ ጠመንጃው ሌላ ቀበሌ ውስጥ፣ ሰው የቆሰለበት ጠብ ላይ ተገኘ። ፖሊስ የመሣሪያውን ቁጥር ይዞ በቀጥታ አጎቴ ቤት መጣ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ነበሩ?» ተብለው ተጠየቁ። መልስ አልነበራቸውም። በመጨረሻ ነጻ ወጡ። ግን በዚያ ክረምት መሬታቸው ጦም አደረ፤ እኛም ስንመላለስ ከረምን።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን ማንበብ ያዝኩ። ከደብረ ብርሃን፣ ከእነዋሪ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከአረርቲ የሚደውሉልኝ ሰዎች የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው። እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ማሳወቅ ግዴታ ነው ወይስ ምክር?

ግዴታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ያለው ሰው መሣሪያውን በጥንቃቄ እንዲይዝ፣ ሲጠፋበትም እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። ፈቃዱ የተሰጠው ለእርስዎ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የት እንዳለ መልስ የሚሰጡትም እርስዎ ነዎት። ከእጅዎ ወጥቶም ቢሆን፣ ሪፖርት እስካላደረጉ ድረስ በመዝገብ ላይ መሣሪያው አሁንም የእርስዎ ነው።

በስንት ቀን ውስጥ?

ቀን አይቁጠሩ። መጥፋቱን ባወቁበት ሰዓት ይነሱ። ሌሊት ከሆነ ለቀበሌው ሊቀመንበር ወይም ለሚሊሻው ይደውሉ። ሲነጋ ጣቢያ ይገኙ።

«መጀመሪያ ቤቱን ልፈትሽ፣ ዘመድ ወስዶት ይሆናል» የሚሉ አሉ። ይፈትሹ። ግን ፍተሻው የሰዓታት ሥራ እንጂ የሳምንት ሥራ አይደለም። አጎቴን ያስቸገራቸው ስርቆቱ ሳይሆን ሦስቱ ሳምንታት ናቸው።

የት ነው የማመለክተው?

በሕጉ የመሣሪያ ጉዳይ ተቆጣጣሪ የፌዴራል ፖሊስ ነው። ይህ ማለት ከሞላሌ ተነስተው አዲስ አበባ ይሂዱ ማለት አይደለም። በአቅራቢያዎ ያለው የፖሊስ ጣቢያ ወይም የወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ቃልዎን ይቀበላል። ቀበሌ ላይ ብቻ ተናግሮ መተው ግን አይበቃም። ቀበሌው ምስክር ይሆንዎታል፤ መዝገብ የሚከፍተው ፖሊስ ነው።

መንገድ ላይ ከሆነ የጠፋው፣ ለምሳሌ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ መኪና ውስጥ ረስተውት ከሆነ፣ መጥፋቱን ያወቁበት ቦታ ያለው ጣቢያ ይግቡ። ቤቴ ስደርስ አመለክታለሁ አይበሉ። ቤትዎ ሲደርሱ ደግሞ ፈቃድ ለሰጠዎት አካል ይንገሩ። ሁለቱም ዘንድ ይመዝገብ።

ምን ይዤ ልሂድ? ምንስ ልበል?

ከሁሉ በፊት የመሣሪያው ቁጥር። ጉዳዩ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ክላሽ ከሆነ ቁጥሩ በግራ ጎኑ፣ በርሜሉ ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት አካባቢ ተቀርጿል። ብዙ ጊዜ ያው ቁጥር በሌሎች ክፍሎቹም ላይ ይደገማል። ማካሮቭ ሽጉጥ ከሆነ በግራ ጎኑ ላይ ያገኙታል። ምንሽርና ሌሎች የድሮ ጠመንጃዎች ላይ የበርሜሉ ሥር አካባቢ ይፈልጉ። አንዳንዱ የአያት ጠመንጃ ግን ቁጥሩ በወዝና በዝገት ተበልቶ አይነበብም። እንዲህ ከሆነ ሰደፉ ላይ ያለውን ስንጥቅ፣ የታሰረበትን ሽቦ፣ የማንገቻውን ቆዳ ቀለም ሳይቀር ይናገሩ። አጎቴ የምንሽራቸውን ቁጥር አያውቁም ነበር፤ ሰደፉ ላይ የተመታችውን ናስ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይስሏታል። ይህም ይጠቅማል።

የፈቃድ ወረቀትዎን ይያዙ። መሣሪያው ጥይት ጎርሶ ነበር ወይስ ባዶ? ካዝናውና ዝናሩ አብሮ ሄዷል? ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው? ቤት ውስጥ ማን ማን ያድር ነበር? በሩ ተሰብሯል ወይስ በቁልፍ ነው የተከፈተው? እነዚህን ወደ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ሰው ሲደነግጥ ይዘነጋል።

አንድ ነገር አደራ። የማያውቁትን «አላውቅም» ይበሉ። ጎረቤትዎን ስለጠረጠሩ ብቻ «እሱ ነው» አይበሉ። የሚጠረጥሩበት ምክንያት ካለ ምክንያቱን ይናገሩ፤ ፍርዱን ለመርማሪው ይተዉ። በሐሰት ሰው መወንጀል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከዚያም በላይ በጠመንጃ የተነሳ ሐሜት ስንት ቤተሰብ እንዳቆራረጠ እናውቃለን።

የተሰበረው በር ላይ ያለውን ነገር አይነካኩ። ፖሊስ እስኪያየው እንዳለ ይቆይ።

ቃሌን ሰጥቼ ባዶ እጄን መለሱኝ። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ በጣም ይደጋገማል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 14 ግልጽ ነው። አቤቱታ የሚቀበለው ሰው በጽሑፍ ያሰፍረዋል። ከዚያ ለአመልካቹ ይነበብለታል። አመልካቹ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ስለዚህ «ጻፉልኝ፣ አንብቡልኝ፣ ልፈርም» ማለት መብትዎ ነው። በትሕትና ይበሉት፤ ግን ይበሉት።

የመዝገቡን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተቀበለዎትን ሰው ስምና ማዕረግ ማስታወሻ ላይ ይያዙ። የሚቻል ከሆነ ያመለከቱበትን ማስረጃ በማኅተም ይጠይቁ። በተጨማሪ አንዲት ገጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፉ። አንዱን ያስገቡ፤ በሌላው ላይ «ደርሶናል» ብለው እንዲፈርሙልዎ ይጠይቁ። ያቺ ወረቀት የቤት ካርታ ካስቀመጡበት ቦታ ትቀመጥ። መሣሪያው ከአምስት ዓመት በኋላ ቢገኝ የምትናገርልዎት እሷ ናት።

«ጠፋ»፣ «ተሰረቀ»፣ «ተቀማሁ» ማለት ልዩነት አለው?

አለው። ጠፋ ካሉ የራስዎ ጥንቃቄ ይጠየቃል። ተሰረቀ ካሉ የወንጀል ምርመራ ይከፈታል። በኃይል ከተነጠቁ ደግሞ ስርቆት ሳይሆን ውንብድና ነው፤ ቅጣቱም ከስርቆት ይከብዳል። የሆነውን እንደሆነው ይናገሩ። «ተሰረቀ» ብሎ አስመዝግቦ በኋላ «ለነገሩ ባጃጅ ውስጥ ረስቼው ነው» ማለት ሙሉ ቃልዎን ያበላሻል።

ለሰርግ አውሼው ነበር። የተዋሰው ሰው «ጠፋብኝ» አለኝ።

አሁኑኑ ያመልክቱ። ተዋሹንም ይዘውት ይሂዱ።

እውነቱን ልናገር። በእኛ አካባቢ ለሰርግና ለለቅሶ መሣሪያ መዋዋስ እንደ ድግስ ዕቃ ሆኗል። «ላንተ ያልሆነ ለማን ይሆናል» ይባላል። ፈቃዱ ግን የግል ነው። ለዘመድም ቢሆን ማስተላለፍ አይቻልም። ስለዚህ ሲያመለክቱ ማዋስዎም ይወጣል፤ ሊጠየቁበትም ይችላሉ። ቢሆንም አይደብቁት። የተዋሰው ሰው ነገ ጣቢያ ቆሞ የሚናገረው ቃል ከእርስዎ ቃል ጋር መግጠም አለበት። ሊገጥም የሚችለው ደግሞ እውነት ከሆነ ብቻ ነው።

የጠፋው መሣሪያ ፈቃድ የለውም። ልናገር?

በጣም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በራሱ ወንጀል ነው፤ ይህን መሸፋፈን አልችልም። ስለዚህ ከቻሉ መጀመሪያ ጠበቃ ያማክሩ። ዛሬ ወይም ነገ እንጂ ከወር በኋላ አይደለም።

ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ራሱን ለሕግ የሰጠ፣ ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት በር ይከፍታል። ሁለተኛ፣ በመሣሪያው ሰው ከተገደለበት በኋላ ባለቤቱ እርስዎ መሆንዎ ቢታወቅ፣ ያኔ የሚቀርብብዎት ጥያቄ የፈቃድ ጥያቄ ብቻ አይሆንም። የሚያውቅ ጎረቤት ደግሞ ሁልጊዜ አለ።

በዚህ ጊዜ ጣቢያ መሄድ ራሱ ያስፈራኛል።

ይገባኛል። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል ያለፍንበት ነገር መሣሪያ የሚለውን ቃል እንኳ ጮክ ብሎ ለመናገር የሚያስፈራ አድርጎታል። «ለማን ሰጠኸው?» እባላለሁ ብሎ መስጋት ፈሪነት አይደለም። ከአንዱ ወገን የሚመጣ ጥያቄ፣ ከሌላው ወገን የሚመጣ ቂም፣ ሁለቱም አለ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ብቻዎን አይሂዱ። የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባትዎን ይዘው ይሂዱ። በቀን ይሂዱ። የት እንደሄዱ ቤተሰብ ይወቅ። መሣሪያውን በኃይል የወሰዱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ካላወቁ «አላውቃቸውም» ይበሉ፤ በግምት ስም አይስጡ። የመንገዱ ሁኔታ ካላሳለፈዎት በስልክ ያሳውቁ። የደወሉበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ፤ መንገዱ ሲከፈት በአካል ያረጋግጡ።

መብትዎንም ይወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎት አይደለም። አብሮዎት የሚሄደው ሰው ይህችን አንቀጽ እንዲያውቃት ነው።

ሌባውን እናውቀዋለን። በሽምግልና ብንጨርሰውስ?

ሽምግልና ደም ያደርቃል፤ ክብር ይገባዋል። የድሮዎቹ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ተቀምጠው፣ የመንደሩን ሰው ሰብስበው ሌባ ያወጡ ነበር። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ላይ «ያነሳህ መልስ» ተብሎ ሲገዘት፣ ዕቃው ሌሊት አጥር ሥር ተጥሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ግን በሬና ጠመንጃ አንድ አይደሉም። በሬው ሲመለስ ነገሩ አለቀ። ጠመንጃው በጠፋበት አሥር ቀን ምን ሲሠራበት እንደነበረ ሽማግሌ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሰዎቹን ያስታርቁ፤ የማሳወቁን ግዴታ ግን አያነሱልዎትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በተለይ የተጠረጠረውን ልጅ አስሮ መምታት፣ ጠንቋይ ቤት ሄዶ ስም ማስወጣት፣ ቤቱን በራስ ሥልጣን መበርበር ተበዳዩን ወንጀለኛ ያደርገዋል። እባክዎን አያድርጉት።

በጦርነቱ ጊዜ ቤት ጥለን ስንሸሽ ነው የጠፋው። አሁን ማመልከት ዋጋ አለው?

አለው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስ ስንቱ ሰው ልጁን ብቻ አዝሎ ወጣ። በአጣዬ ደግሞ ከዚያም በፊት ቤት ተቃጥሏል። ያኔ ሪፖርት ማድረጊያ ጣቢያ አልነበረም። ይህን የሚረዳ ሰው ብዙ ነው። ማመልከቻው ላይ መቼ ከቤት እንደወጡ፣ መቼ እንደተመለሱ፣ ምን እንዳላገኙ ይጻፉ። የተፈናቃይነት ማስረጃ ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ካለዎት ያያይዙ። ለምን እንደዘገዩም በአንድ መስመር በሐቅ ይግለጹ። የዘገየ ሪፖርት ጨርሶ ከሌለው በብዙ ይሻላል።

ካላሳወቅሁ ምን ይመጣብኛል?

መጀመሪያ ፈቃዱን ሊያጡ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ወንጀል ከተሠራበት ከተጠርጣሪዎቹ ተርታ ይሰለፋሉ። ከተተኮሰ ጥይት የቀረው ቀልሃ ላይ የመሣሪያው አሻራ ይቀራል፤ በምርመራ ከየትኛው መሣሪያ እንደወጣ ሊለይ ይችላል። ከዚያ ቁጥሩ ወደ እርስዎ ስም ይመራል።

ሦስተኛው የቸልተኝነት ጉዳይ ነው። መሣሪያውን ጥይት እንዳጎረሱ ሜዳ ላይ ትተውት ሰው ቢሞትና ሞቱ ከእርስዎ ቸልተኝነት ጋር ቢያያዝ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። ካሳም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክሳል። ጉዳቱን ያደረሰው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅዎ ከሆነ ኃላፊው ወላጅ ነው። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ጥይት የጎረሰ ክላሽ ከመደብ ሥር ማስቀመጥ ሲነገረኝ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

መሣሪያው የአባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ዐርፈዋል።

የአባትዎ ፈቃድ ለእርስዎ አይሠራም። መሞታቸውንም፣ መሣሪያው መጥፋቱንም አብረው ያሳውቁ። ወራሾች ብዙ ከሆናችሁ አንድ ሰው ወክላችሁ ቃል ይስጥ። «እሱ ጋር መስሎኝ»፣ «እሷ ጋር መስሎኝ» እየተባለ ዓመት ያለፈበት ቤት አውቃለሁ።

የጠፋብኝ የመንግሥት መሣሪያ ነው።

ሚሊሻ ወይም ጥበቃ ከሆኑ ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ላስታጠቀዎት አካልም፣ ለቅርብ አለቃዎ በዚያው ሰዓት ያሳውቁ። የተረከቡበት ቅጽ ላይ ያለው ቁጥር ይያዝ። በግል ገዝቶ መተካት የሚባል ነገር አይሞክሩ።

ጥይት ወይም ካዝና ብቻ ቢጠፋስ?

ያሳውቁ።

አንዳንዱ ሸጦ «ተሰረቀብኝ» ይላል። ይያዛል?

ይያዛል። መሣሪያው አንድ ቀን ሲገኝ ገዢው «ከእሱ ነው የገዛሁት» ይላል። ያኔ ሕገ ወጥ ሽያጩ፣ ሐሰተኛው ሪፖርት፣ በሐሰት የተጠረጠረው የጎረቤት ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው በእውነት የተሰረቀበትን ሰው ቃል ያስረክሳል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

መሣሪያው ተመልሶ ቢገኝ ምን ላድርግ?

ደስ ይበልዎት፤ ግን አይወልውሉት፣ አይተኩሱበት፣ ወደ ምሰሶው አይመልሱት። ወዳመለከቱበት ጣቢያ ደውለው መገኘቱን ይናገሩ። በመካከል ምን እንደተሠራበት መመርመር አለበት። አሻራውን በዘይት ካጠፉት ለራስዎ የሚመሰክረውን ነገር አጠፉ ማለት ነው። ሲመለስልዎት የቀድሞው ሪፖርት መዘጋቱን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቁ። አለበለዚያ አንድ ቀን ኬላ ላይ ሲፈተሹ «የተሰረቀ መሣሪያ ይዘዋል» ተብለው ይያዛሉ፤ የራስዎን ጠመንጃ ይዘው።

የሰው መሣሪያ መንገድ ላይ ባገኝስ?

አያንሱት። ቦታውን በዓይንዎ ይያዙ፤ ልጆች እንዳይጠጉ አንድ ሰው ይቁም፤ ፖሊስ ይጠሩ። ጦርነት ባለፈበት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል፣ ከመሣሪያው አጠገብ ቦምብ ሊኖር ይችላል። እረኛ ልጅ ካለዎት ዛሬ ማታ እራት ላይ ይንገሩት፦ ብረት ነገር ካየ እንዳይነካ፣ እንዳይረግጥ፣ ድንጋይ እንዳይወረውርበት፣ ሮጦ መጥቶ እንዲናገር። ሲናገርም አይቆጡት።